የኦሮሞ አዛውንቶችን ቃል መቅዳት፦ ከፈቃድ እስከ ቤተ መዛግብት

ከአዲስ አበባ ተማሪም ቢሆን ከሚኒሶታ ነዋሪም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «አያቴ የገዳን ሕግ፣ የጎሳውን የዘር ሐረግ፣ የጉማን (የነፍስ ግድያ ካሣና ዕርቅ) ዳኝነት አሳምረው ያውቃሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። በምን ልቅዳቸው? ከቀዳሁ በኋላስ የት ላድርሰው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ብዬ እዚህ በአንድ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ከመሣሪያው በፊት አንድ ነገር ያዙ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተናገረው ያልተመዘገበ ድምፅ፣ የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢሰማ፣ ተመራማሪ አይጠቅሰውም፤ በመብት ሙግት ላይም ማስረጃ ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማይክሮፎን ይልቅ ስለ ፈቃድና ስለ መዝገብ አብዝቶ ያወራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድምፅ መቅጃ፤ ከሌለ በዋቭ ቅርጽ የሚቀዳ ፕሮግራም የተጫነበት ስልክ
- ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎንና የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ወይም ፀጉራም ሽፋን
- ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ
- ትርፍ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ
- ደብተርና እስክሪብቶ (ባትሪው ቢያልቅ እንኳ የሚሠራው ይህ ነው)
- በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ፣ የጣት አሻራ ለሚያስፈልጋቸው ቀለም
- ሁለት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ
- የዩኒቨርሲቲ ወይም የዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ
- ለእንግድነታችሁ የሚሆን ቡናና ስኳር

1. ርዕሱን አጥብቡ

«ስለ ኦሮሞ ባህል» ብላችሁ አትሂዱ። አዛውንቱ ምን ሊሏችሁ ይችላሉ? «ባህላችን ጥሩ ነው» ብለው ይመርቋችኋል እንጂ። ይልቁን አንድ ነገር ምረጡ፦ በዚህ ወረዳ የጉማ ካሣ እንዴት ይቆረጣል፣ የውሃ ጉድጓድ ማን ያስተዳድራል፣ በሞጋሳ ወደ ጎሳ የገባ ሰው ምን መብት ያገኛል፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንዴት ይወርሳል።

ማጥበቡ የሚጠቅመው ለጥናት ጥራት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል፤ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁማለች። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ፊት «በእኛ አካባቢ ሴራው (ባህላዊ ሕጉ) እንዲህ ነው» ብሎ ለሚከራከር ሰው፣ በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ የተቀዳ ግልጽ ቃል ስለ ሁሉም ነገር ከተቀዳ ረጅም ወግ ይበልጥበታል።

2. የመጀመሪያ ጊዜ መቅጃ ሳትይዙ ሂዱ

አዛውንቱ የሚያከብሩት ሰው ያስተዋውቃችሁ። ቁጭ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ። በቦረናና በጉጂ ቡና ቀላ ቢቀርብላችሁ (በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ ነው) ቸኩላችሁ አትነሡ፤ ምርቃት አለው። የዘር ሐረጋችሁን ከጠየቋችሁ የምታውቁትን ያህል ቁጠሩ፤ የማታውቁትን አትፍጠሩ። ኦሮሞ ካልሆናችሁም በግልጽ ተናገሩና ለምን እንደመጣችሁ አስረዱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ቀን መቅጃ የተደቀነበት ሰው የሚናገረው ለመሣሪያው ነው፤ የስብሰባ ንግግር ይሆናል። በተጨማሪም በዚህ ጉብኝት ላይ ስለ ርዕሳችሁ በእርግጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ትሰማላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትላኩት መጀመሪያ ካሰባችሁት ሰው ወደ ሌላ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውን በዚሁ ጉዞ ለወረዳውና ለቀበሌው አሳዩ። ማይክሮፎን ይዞ የሚዞር እንግዳ ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ጥርጣሬው ደግሞ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚወድቀው በአዛውንቱ ላይ ነው።

3. ፈቃድ፦ ከማን፣ ለምን፣ እስከ ምን ድረስ

ቅጹን በአፋን ኦሮሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሚያነብቡ ከሆነ ይፈርሙ፤ ካልሆነ በአሻራ ወይም በድምፅ ይፈቀድ፤ በድምፅ መፍቀዱ ራሱ ይቀዳ። ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫዎች ይኑሩ፦

- ለማንኛውም ሰው ክፍት
- ለተመራማሪ ብቻ
- ለቤተሰብ ብቻ፣ ወይም እስከ ተወሰነ ዓመት ዝግ

አንዱን ቃለ መጠይቅ በሦስት ከፍሎ መፍቀድም ይቻላል፤ ይህን ለተናጋሪው ንገሩት። ሐሳቡን ከለወጠ በማን በኩል እንደሚያሳውቃችሁም ጻፉለት።

የግለሰቡ ፈቃድ የማይበቃባቸው ነገሮች አሉ። የገዳ ሕግ የአንድ ሰው ንብረት ስላልሆነ ሥርዓቱን የምትቀዱ ከሆነ አባ ገዳውንና አማካሪዎቹን ሀዩዎች አስፈቅዱ። በቃሉ (በኦሮሞ ባህላዊ እምነት መሪ) ቤት የሚፈጸሙ ነገሮችና አንዳንድ የተቀደሱ ቦታዎች ጭራሹን አይቀዱም፤ «ይህ አይቀዳም» ከተባላችሁ መቅጃውን እያዩት አጥፉ። ገራርሳ (የጀግንነት ዜማ) የሚያንጎራጉር ወይም በበዓል ላይ የሚዘፍን ሰው ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝ መብት አለው። የድምፁን አጠቃቀም በጽሑፍ ያልተስማማችሁበት ዘፈን በኋላ ላይ መዘዝ ይሆናል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለቃሉ ዋጋ አትቁረጡ። የተከፈለበት ታሪክ ይረዝማል፤ ሙግት ላይም «ተገዝቶ የተነገረ» ይባላል። ለባከነ የሥራ ቀንና ለመጓጓዣ መካስ ግን ተገቢ ነው፤ የሰጣችሁትን መዝግቡት።

4. ቦታና መሣሪያ

ኦዳ ሥር መቅዳት ፎቶ ላይ ያምራል፤ ድምፁ ግን ነፋስና ወፍ ነው። በዛፍ ሥር መሆን ካለበት የነፋስ መከላከያውን አትርሱ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ቤት ውስጥ ከሆነ ወለሉ ምንጣፍ ወይም ቁርበት ያለበት፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ክፍል ይሻላል፤ ሲሚንቶ ያስተጋባል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጀመረ አቁሙ። በኋላ በፕሮግራም በደንብ ማጽዳት ይከብዳል።

ማይክሮፎኑን ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ጋቢው ላይ ሰኩ፤ ጋቢው እንዳይፋተገው እጠፉት። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ሲኒው ይጮኻል። አዛውንቱ ሲናገሩ በበትራቸው መሬቱን የሚመቱ ከሆነ ግን ተዉአቸው። ምቱ የሚያርፈው ሐረጉ በሚያልቅበት ላይ ነውና የቃሉ አካል ነው።

መቅጃውን በዋቭ፣ 48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጉ። አንድ ሰዓት በስቴሪዮ ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ካርዳችሁን በዚሁ ልክ ያዙ። ኤምፒስሪ ቦታ የሚቆጥበው ከድምፁ ቆርጦ እየጣለ ነው፤ የተጣለውም አይመለስም። ስልካችሁ ጥሪ እንዳያቋርጠው የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት። ሁልጊዜም በማዳመጫ ለሁለት ደቂቃ ሞክራችሁ፣ መልሳችሁ አዳምጣችሁ ጀምሩ።

5. መክፈቻውን ቅዱ

መቅጃው እንደተከፈተ እናንተ ራሳችሁ ተናገሩ፦ ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ቦታውን እስከ ቀበሌ፣ የተገኙትን ሰዎች፣ የተሰጠውን ፈቃድ። ከዚያ ተናጋሪው ስማቸውን፣ ጎሳቸውንና ይህን ከማን እንደሰሙት ይናገሩ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ከሁሉ ይበልጣል። «ከአባቴ ሰማሁ» እና «በጉባኤው ተቀምጬ አየሁ» የሚሉት ሁለቱ እኩል አይመዝኑም።

አዛውንቱ በምርቃት ከከፈቱ አታቋርጡ፤ ተቀባዮቹ «ሃ ታኡ» (ይሁን) ሲሉ አብራችሁ በሉ። ምርቃቱን ከቅጂው ላይ ቆርጦ መጣልም ስህተት ነው። የቦታ፣ የከብት፣ የዝናብ ስም የሚጠራው ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

6. መልሱን የያዘ ጥያቄ አትጠይቁ

«ገዳ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ነው፣ አይደለም እንዴ?» ብትሉ «አዎ ልጄ» ትባላላችሁ፤ ከቀረጻው ያገኛችሁት የራሳችሁን ሐሳብ ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ «ጉባኤው ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? ያልተስማማ ሰው ምን ያደርጋል? አባ ገዳው ሴራውን ቢጥስ ምን ይደረጋል? እንዲህ የተደረገበትን ጊዜ ያውቃሉ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት፤ ከደንብ ወደ ድርጊት ታወርዳለችና።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ሌላ ጥያቄ ለመወርወር አትቸኩሉ። ያልገባችሁን ቃል ደብተር ላይ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ።

የሁለት ጎሳ አዛውንቶች አንዱን ነገር ሁለት ዓይነት ቢነግሯችሁ አታስታርቁ። በቦረና ከሁለቱ ዋና ክፍሎች፣ ከሰቦ ወገንና ከጎና ወገን፣ የሚሰማው ሊለያይ ይችላል፤ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጡ። «ትክክለኛውን» መርጦ ሌላውን መደምሰስ የተመራማሪ ሥራ አይደለም።

7. ዘመኑን በገዳ ቁጠሩ

አዛውንቶች ዓመተ ምሕረት ላይጠሩ ይችላሉ፤ የሚጠሩት አባ ገዳውን ነው። የተባለውን ስም እንዳለ ጻፉ፣ ስሌቱን ለብቻው በቅንፍ። በቦረና አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣን የተረከቡት በ2009 ዓ.ም. ነው። አንድ ዘመን 8 ዓመት ስለሆነ ወደ ኋላ ሲቆጠር 2001፣ 1993፣ 1985፣ 1977፣ 1969 ይመጣል። እንግዲህ ተናጋሪው ከኩራ ጃርሶ በፊት አምስተኛ የሆነውን አባ ገዳ ቢጠሩ፣ የተባለው ድርጊት ከ1969 እስከ 1977 ባለው ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ርክክቡ አንዳንዴ በጥቂት ወራት ስለሚንሸራተት «ገደማ» የምትለውን ቃል አትጣሏት።

ማስጠንቀቂያ፦ የቦረናን ስሌት ወደ ሌላ አካባቢ አትውሰዱ። ጉጂ፣ ቱለማ፣ ከረዩ የየራሳቸው የርክክብ ጊዜ አላቸው። በቱለማ ደግሞ እንደ ቢርመጂና ሮበሌ ያሉት አምስቱ የገዳ ስሞች እየተፈራረቁ ስለሚመጡ አንዱ ስም በየ40 ዓመቱ ይመለሳል። «በሮበሌ ዘመን» ያለ ሰው የራሱን ወጣትነት ወይም የአያቱን ዘመን እያወራ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ጠይቁ፦ «ያኔ እርስዎ ተወልደው ነበር? ከብት ይጠብቁ ነበር?»

8. ሴቶችን ለብቻቸው ቅዱ

ከወንዶች ብቻ የተቀዳ የገዳ ሕግ ግማሽ ነው። ሲንቄ፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር፣ የሴቶች መብት መጠበቂያ ሥርዓት ነው፤ መብቷ የተነካ ሴት ስትጮኽ ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በደሉ ሳይካስ አይመለሱም። ይህ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው፣ ካሣው ምን ነበር የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የአቴቴ (የሴቶች የጸሎት ሥርዓት) ዜማም እንዲሁ።

ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ባል፣ አማች ወይም የቀበሌ ሰው በተቀመጠበት አትቅዱ፤ ፈቃዱም ከእሷ እንጂ ከባሏ አይወሰድ። ሰዓቱን እሷ ትምረጥ፤ ውሃ መቅጃና ማለቢያ ሰዓት ላይ ሄዶ ሁለት ሰዓት ቁጭ በይ ማለት ነውር ነው።

9. በዚያው ምሽት

ድምፁን ወደ ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ገልብጡ፤ ካርዱን ግልባጮቹን ከፍታችሁ እስክታዳምጡ ድረስ አታጥፉ። ሦስተኛው ግልባጭ ሌላ ከተማ ወይም በበይነ መረብ ማከማቻ ይቀመጥ። ሁለት ዲስክ በአንድ ቦርሳ መያዝ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ሌባ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ክፍተት ሳይኖረው ስጡ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የቦታ ምህፃር፣ የተናጋሪ ኮድ፣ ተራ ቁጥር። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ሲዘዋወር ስሙ ይበላሻል። የኮዱና የእውነተኛው ስም ዝርዝር ለብቻው፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሰው ግዴታ አለበትና ይህን እንደ ቅንጦት አትዩት።

10. ወደ ጽሑፍ መለወጥ

መጀመሪያ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)፣ ቀጥሎ በትርጉም። ቃሉን በቀጥታ በአማርኛ መጻፍ አይገባም፤ ለአማርኛ አንባቢ የምታዘጋጁት ቢሆን እንኳ። በቁቤ ርዝመት ያለው አናባቢና ጠብቆ የሚነበብ ተነባቢ በድርብ ፊደል ይታያሉ፤ በግዕዝ ስንጽፋቸው ይጠፋሉ፣ የሰውና የቦታ ስም ይቀላቀላል። የቦረናውን፣ የወለጋውን፣ የሐረርጌውን አነጋገር ወደ መማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አታስተካክሉ። እንዳሉት ጻፉ።

ለአንድ ሰዓት ድምፅ ከስድስት ሰዓት በላይ ሥራ መድቡ። ያልተሰማችሁን ክፍል «አልተሰማም» ብላችሁ ደቂቃውን መዝግቡ፤ በግምት አትሙሉት። ሴራ፣ ሰፉ (የሥነ ምግባር ሥርዓት)፣ ጉማ፣ አራራ (ዕርቅ) የመሰሉትን ቃላት በትርጉሙ ውስጥም እንዳሉ ትታችሁ አንድ ጊዜ አብራሩ። «ሕግ» ወይም «ዕርቅ» ብሎ ማለፍ ለክርክር የሚያስፈልገውን ልዩነት ያጠፋል። ሲያልቅ ተመልሳችሁ ለተናጋሪው አንብቡለት። ያረመውን ጨምሩ፣ የመጀመሪያውን ግን አትሰርዙ።

ጉማን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የገዳይና የሟች ስም በተተረከበት ቀረጻ ላይ ክፍት ቅጂ አታውጡ። ከታረቁ በኋላ ደሙን ማንሣት ክልክል ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አንድ ገበያ ይውላሉ።

11. ወሬው ወደ በደል ቢዞር

ስለ ግጦሽ ሕግ የጀመረ ቃለ መጠይቅ ስለ መፈናቀል፣ ስለ እስር፣ ስለ ተገደለ ልጅ ሊሆን ይችላል። አቁሙና እንደ አዲስ ፈቃድ ጠይቁ። ይህ ክፍል በሌላ ፋይል፣ በሌላ ኮድ፣ ያለ ፎቶ ይቀመጣል፤ ከባህሉ ቅጂ ጋር አይቀላቀልም። የታየውን ከተሰማው ለዩ፤ ቀን፣ ቦታ፣ የደንብ ልብስ ዓይነት፣ ሌላ ምስክር መኖሩን ጠይቁ። ሰውየውን ደጋግማችሁ አታስተርኩት። «ፍትሕ ታገኛለህ» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ በእጃችሁ የለም።

መረጃው የት ይደርሳል? ከአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ሌላ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ባንጁል ለሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ማመልከት የምታስቡ የቻርተሩን አንቀጽ 56 አንብቡ፦ የአገር ውስጥ መፍትሔ እንዲሟጠጥ (ሂደቱ ያለ አግባብ ካልተጓተተ በቀር) ይጠይቃል፤ የስድብ ቃል ያለበትንና በመገናኛ ብዙኃን ዜና ላይ ብቻ የተመሠረተን አቤቱታ አይቀበልም። በጥንቃቄ የያዛችሁት ምስክርነት ዋጋ የሚያወጣው ይሄኔ ነው። በጄኔቫ ላለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ግን የግል አቤቱታ አታዘጋጁ፤ ኢትዮጵያ ይህን የሚፈቅደውን አማራጭ ፕሮቶኮል ስላልተቀበለች ይመለሳል። ለተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች መጻፍ ግን ይቻላል።

12. አስረክቡ

በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ጥናት ተቋም፣ በአዲስ አበባ የኦሮሞ ባህል ማዕከል፣ እንዲሁም በቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። ከማስረከባችሁ በፊት ዝግ የተደረገውን ክፍል በዝግነቱ ለመጠበቅ የሚያስችል ደንብ እንዳላቸው በጽሑፍ አረጋግጡ። ግኝታችሁን ለምሁራን ማቅረብ ከፈለጋችሁ የኦሮሞ ጥናት ማኅበር በየዓመቱ የሚያካሂደው ጉባኤ አለ። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ቅርሱ በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ የአካባቢ ሰነድ ባህል ቢሮዎችም ይፈልጉታል።

አንድ ግልባጭ ለቤተሰቡ ስጡ። ሃርድ ዲስክ አይጠቅማቸውም፤ በኤምፒስሪ ቀንሳችሁ ልጆቻቸው ስልክ ላይ በሚገባ ሚሞሪ ካርድ አድርጉት።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- ኢሬቻ ላይ ቢሾፍቱ ወዳለው ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ሄዶ በሕዝቡ መካከል ቃለ መጠይቅ መሞከር። በዓሉን ቅዱ፣ ሰውየውን በሌላ ቀን።
- ከአንድ አባ ገዳ በሰሙት «በኦሮሞ እንዲህ ነው» ብሎ መጻፍ። «በዚህ ወረዳ፣ በዚህ ጎሳ» በሉ።
- ቀረጻውን ቆራርጦ በማኅበራዊ ሚዲያ ለጥፎ፣ ዋናውን መጣል።
- ሳይጠይቁ ቪዲዮ ማብራት። ድምፅ የፈቀደ ምስል ፈቅዷል ማለት አይደለም።
- የተናጋሪውን ሙሉ ስም በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ።

አንድ ከሰዓት ብቻ ካላችሁ

ከውጭ ለአጭር ጊዜ መጥታችሁ ነገ የምትመለሱ ከሆነ ደረጃ 2ን መዝለል ግድ ይሆናል፤ 3 እና 5ን ግን አትዝለሉ። ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ማይክሮፎን ሰኩ፣ ፈቃዱን በድምፅ ተቀበሉ፣ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የዘር ሐረጋቸውን እስከሚችሉት ድረስ፣ በዓይናቸው ያዩትን አንድ ዳኝነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እና «ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን አለ?» የመጨረሻው መልስ ላይ የተጠሩትን ስሞች በመንደሩ ለሚቀር አንድ የተማረ ወጣት ስጡት፤ ቅጹንና ይህን ዝርዝር አስይዙት፣ ይቀጥል።